በኮምፒዩተር የሚደረግ ሰፊ የማስመሰል ሙከራ እንዴት እንደሚታቀድና እንደሚመራ፤ በቢቸናና በሞጣ የጤፍ እርሻ ምሳሌነት

መግቢያ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ በክረምት የተጓዘ ሰው ግራና ቀኙን ሲመለከት ብዙ የጤፍ ማሳ ያያል። ቢቸና ዛሬ የእነማይ ወረዳ፣ ሞጣ ደግሞ የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ከተማ ናቸው። በቀድሞው የጎጃም ጠቅላይ ግዛት አስተዳደር ግን እያንዳንዳቸው የአውራጃ ርእሰ ከተማ ነበሩ። አገሩ በአንድ ወገን የጮቄ ተራራ፣ በሌላው ወገን የዓባይ ሸለቆ ያዋስኑታል።

በዚህ አገር በጥቁር መሬት፣ ማለት በዋልካ ወይም በመረሬ አፈር ላይ፣ ጤፍ የሚዘራ ገበሬ በየዓመቱ አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀርብለታል። ቀድሞ ቢዘራ መሬቱ ውሃ ስለሚያቁር ቡቃያው ይበሰብሳል፤ ዘግይቶ ቢዘራ ደግሞ ዝናቡ ቶሎ ያቆመ እንደሆነ ጤፉ ፍሬው ሳይሞላ ይቀራል። ገበሬው በአንድ ማሳ ላይ በዓመት ሊሞክር የሚችለው አንድ የዘር ቀን ብቻ ነው። ስምንት ልዩ ልዩ ቀኖችን በየተራ ልሞክር ቢል ስምንት ዓመት ይፈጅበታል። የስምንቱም ዓመት ዝናብ አንድ ስለማይሆን፣ የምርቱ ልዩነት ከዘሩ ቀን ይምጣ ከዝናቡ ለይቶ ማወቅ ያስቸግረዋል።

ተመራማሪዎች እንዲህ ላለው ጥያቄ በኮምፒዩተር የማስመሰል ሙከራ ያደርጋሉ። የሰብል ሞዴል ማለት የየቀኑን ዝናብና ሙቀት፣ የአፈሩንና የዘሩን ጠባይ ተቀብሎ፣ ሰብሉ ከቀን ወደ ቀን እንዴት እንደሚያድግና በመጨረሻው ምን ያህል ምርት እንደሚሰጥ የሚያሰላ ፕሮግራም ነው። ለምሳሌ ያህል የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣውን አኳክሮፕ የተባለውን ሞዴል መጥቀስ ይቻላል፤ ጤፍም በዚህ ሞዴል ከሚሰሉት ሰብሎች አንዱ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ሞዴሉን ማስተማር አይደለም። አንድ ስሌት ማስኬድ ቀላል ነው፤ መቶ ሺህና ሚሊዮን ስሌት ማስኬድ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ሙያ ነው። ሰፊ ሙከራ የሚቃናው በመሣሪያው ፍጥነት ብቻ ሳይሆን፣ ከሁሉ አስቀድሞ በሥራው ሥርዓትና በመዝገቡ መሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን። የዘር ቀን ለገበሬ እስከ መምከር የሚደርስ ጥናት ከተሳሳተ፣ ጉዳቱ የሚታየው በኮምፒዩተሩ ክፍል ሳይሆን በገበሬው ጎተራ ነውና ነገሩ ቀላል ተደርጎ መታየት የለበትም።

ከታሪኩ የምንማረው

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950 ቻርኒ፣ ፊዮርቶፍትና ፎን ኖይማን የተባሉት ሊቃውንት ኤኒያክ በተባለው ኮምፒዩተር የአየር ጠባይን ለመጀመሪያ ጊዜ አስልተው ለመተንበይ ሞከሩ። የሚቀጥሉትን 24 ሰዓቶች ለመተንበይ 24 ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። አራት ትንቢቶችን ለመፈጸምም ወደ 100,000 የሚጠጉ የተበሱ ካርዶች አስፈለጉ። ነገር ግን ጸሐፊዎቹ ራሳቸው እንዳስረዱት፣ ከጊዜው ብዙውን የወሰደው ካርዶቹን ማንበብ፣ ማባዛት፣ መለየትና መደርደር ነበር። ሥራው በደንብ ሥርዓት ቢይዝ ጊዜው በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችልም ገምተው ነበር።

ዛሬ የተበሳ ካርድ የለም፤ ችግሩ ግን መልኩን ለውጦ አለ። በካርዱ ፈንታ ፋይል፣ በደርዳሪው ሰው ፈንታ የተማሪው የሌሊት ድካም ተተክቷል።

አንደኛ፤ ስሌቶቹን አስቀድሞ ስለ መቁጠር

ለማስረዳት ያህል አንድ ሙከራ እናቅድ። ከዚህ በታች የሚገኙት የእቅዱ ቁጥሮች ለምሳሌ የተወሰዱ እንጂ የተፈጸመ ጥናት ውጤት አይደሉም።

ቦታዎቹ 2 ናቸው፤ ቢቸናና ሞጣ። የአፈሩ ዓይነት 3 ይሁን። የዘሩ ቀን ከሰኔ 24 ጀምሮ በየሰባት ቀኑ እስከ ነሐሴ 13 ድረስ 8 ይሆናል። የጤፉ ዝርያ 3፣ የማሳው አያያዝ ደግሞ ፈሰስ የወጣለትና ያልወጣለት ተብሎ 2 ይሁን። እነዚህ ሲባዙ 288 ልዩ ልዩ ሁኔታዎች ይሆናሉ። ለዝናቡ ከሳተላይትና ከምድር ጣቢያ የተቀነባበረውና ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚገኘው ቺርፕስ የተባለው መረጃ አለ። ከዚህ የ40 ዓመት ክረምት ብንወስድ 288 በ40 ተባዝቶ 11,520 ስሌት ይሆናል። አንዱ ስሌት 2 ሴኮንድ ቢፈጅ ሁሉም በ6 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ያልቃል። እስከዚህ ድረስ የሚያሳስብ ነገር የለም።

ነገር ግን በሞዴሉ ውስጥ ልካቸው በትክክል የማይታወቅ ቁጥሮች አሉ፤ አፈሩ ምን ያህል ውሃ እንደሚይዝ፣ ሥሩ ምን ያህል እንደሚጠልቅና የመሳሰሉት። እንዲህ ያሉ 6 ቁጥሮች ቢኖሩና ለእያንዳንዳቸው 5 ግምት ብንሰጥ፣ 15,625 ልዩ ልዩ አቀማመር ይመጣል። ይህ በ11,520 ሲባዛ 180 ሚሊዮን ስሌት ስለሚሆን፣ በአንድ ፕሮሰሰር 100,000 ሰዓት፣ ማለት ከ11 ዓመት በላይ ይፈጃል። ተማሪው ተመርቆ ከሄደ በኋላ እንኳ ስሌቱ አያልቅም።

ለዚህ ችግር ማኬይ፣ ቤክማንና ኮኖቨር እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረቡት ዘዴ ይረዳል፤ ስሙም ላቲን ሃይፐርኪዩብ ይባላል። በዚህ ዘዴ የእያንዳንዱ ያልታወቀ ቁጥር ስፋት በ100 እኩል እድል ያላቸው ክፍሎች ይከፈላል። ከዚያም እያንዳንዱ ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ እንዲወጣ ሆኖ 100 አቀማመሮች በዕጣ ይመረጣሉ። ስለዚህ 15,625 መሆኑ ቀርቶ በ100 አቀማመር የሁሉንም ቁጥር ስፋት ማዳረስ ይቻላል። ሙከራችንም 1,152,000 ስሌት፣ ወይም በአንድ ፕሮሰሰር 640 ሰዓት ይሆናል። ይህም 26 ቀን ከ16 ሰዓት ማለት ነው። ብዙ ነው፤ ነገር ግን የሚደረስበት ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ ትእዛዙ ከመሰጠቱ በፊት ብዛቱ በወረቀት ላይ ይቆጠር። ብዙ ሙከራ የሚከሽፈው መሣሪያው ደካማ ስለሆነ ሳይሆን፣ ማባዛቱ አስቀድሞ ስላልተሠራ ነው።

ሁለተኛ፤ ማወዳደሩ ትክክል እንዲሆን

የሐምሌ 8ን ዘር ከሐምሌ 22 ዘር ጋር ስናወዳድር፣ ሁለቱም በእነዚያው በ40 ክረምቶች መፈተን አለባቸው። ለአንዱ እርጥብ ዓመቶች፣ ለሌላው ደረቅ ዓመቶች ቢደርሱት የምናገኘው ልዩነት የዝናብ እንጂ የዘር ቀን አይሆንም። ዓመት ለዓመት ጎን ለጎን ሲወዳደር ግን የዝናቡ መለዋወጥ ለሁለቱም ስለሚደርስ፣ ከዘሩ ቀን የመጣው ልዩነት ጎልቶ ይታያል።

ያለፈው ዝናብ አይበቃም ተብሎ በዕጣ ቁጥር የተፈጠረ የዝናብ ዓመት ሲጨመር ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኮምፒዩተር የዕጣ ቁጥሮችን የሚያወጣው ከአንድ መነሻ ቁጥር ተነሥቶ ስለሆነ፣ መነሻው አንድ ከሆነ የሚወጣው ዕጣ ሁሉ አንድ ነው። አንዳንድ ፕሮግራም መነሻ ቁጥሩን ከሰዓቱ ይወስዳል። ብዙ ስሌቶች በአንድ ሴኮንድ የተጀመሩ እንደሆነ የሁሉም መነሻ አንድ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ተመራማሪው መቶ ልዩ ልዩ ክረምት ፈተንሁ ሲል አንዱን ክረምት መቶ ጊዜ ደጋግሞት ይገኛል። ስለዚህ መነሻ ቁጥሩን ለሰዓት አለመተው፣ አስቀድሞ ማደልና በመዝገብ መጻፍ ይገባል።

ሦስተኛ፤ ሥራውን ስለ መከፋፈልና ስለ ቅደም ተከተሉ

ስሌቶቻችን አንዱ የሌላውን ውጤት አይጠብቅም። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ልክ እንደ ደቦ አጨዳ ሁሉም በየፊናው ማጨድ ይችላል። ነገር ግን 1,152,000 ትእዛዝ አንድ በአንድ መስጠት ሞኝነት ነው፤ ሁለት ሴኮንድ ለሚፈጅ ስሌት ትእዛዙን መቀበያውና መመዝገቢያው ከስሌቱ የበለጠ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ ማሰርም አይበጅም፤ በሃያኛው ቀን መብራት ቢጠፋ የሃያው ቀን ድካም ከንቱ ይሆናል።

መካከለኛው መንገድ እንዲህ ነው። የአንድ ሁኔታ 40 ዓመት 80 ሴኮንድ ይፈጃል። 48 ሁኔታዎችን በአንድ ሥራ ብናጠቃልል፣ አንዱ ሥራ 64 ደቂቃ ይሆናል። 6 ሥራዎች 288ቱን ሁኔታዎች ለአንድ አቀማመር ይፈጽማሉ። ለ100 አቀማመር ጠቅላላው 600 ሥራ ይሆናል። እያንዳንዱ ሥራ ሲያልቅ ውጤቱን በቋሚ ቦታ ያስቀምጣል። መብራት ቢጠፋ እንኳ ከእያንዳንዱ ፕሮሰሰር የሚጠፋው ቢበዛ የ64 ደቂቃ ሥራ ብቻ ነው።

የቅደም ተከተሉም ነገር የክፍፍሉን ያህል ያሳስባል። ብዙ ሰው የቢቸናን ሁሉ አስቀድሞ ጨርሶ ወደ ሞጣ መሻገር ቀና ይመስለዋል። ነገር ግን በመካከሉ ሞዴሉ በአዲስ እትም ቢተካ፣ ወይም አንድ ስሕተት ቢታረም፣ ቢቸና በአሮጌው፣ ሞጣ በአዲሱ ይሰላሉ። ተመራማሪውም የፕሮግራሙን ልዩነት የአገሩ ልዩነት አድርጎ ይጽፈዋል። ይህን ለመከላከል የመጀመሪያውን አቀማመር በሁለቱም ቦታዎች፣ በሁሉም አፈርና በሁሉም ቀኖች ፈጽሞ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ማለፍ ይሻላል። እንዲህ ሲሆን ሥራው በሠላሳኛው አቀማመር ላይ ቢቋረጥ እንኳ በእጃችን የሚቀረው የተቆረጠ ሙከራ ሳይሆን ጠበብ ያለ ሙሉ ሙከራ ነው።

አራተኛ፤ ስለ ወረፋ

የዩኒቨርሲቲ መሣሪያ የጋራ ነው። ብዙ ኮምፒዩተሮች በኔትዎርክ ተያይዘው እንደ አንድ ሲሠሩ ክላስተር ይባላሉ፤ ማን ቀድሞ እንደሚሠራ የሚወስነውም የወረፋ አስተዳዳሪ ፕሮግራም ነው። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኮንዶር፣ ሰዎች የማይሠሩባቸውን ኮምፒዩተሮች ፈልጎ ሥራ የሚያድል ነበር። ዛሬም ኤች ቲ ኮንዶር በሚል ስም ይሠራበታል። በሎረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላቦራቶሪ የተጀመረው ስለርም ደግሞ ዛሬ በብዙ ትልልቅ ክላስተሮች ላይ ይገኛል።

የወረፋውን ሥርዓት ለመረዳት የወፍጮ ቤትን ወረፋ ማሰብ ይበቃል። አሥር ኩንታል ያስፈጫል የተባለ ባለተራ ጭነቱ ሁሉ እስኪደርስለት ሲጠብቅ ወፍጮው ሥራ ይፈታል። በዚህ መካከል አንድ ቁና ብቻ የያዘች ሴት ብትገባ ማንንም አታዘገይም። የወረፋ አስተዳዳሪውም እንዲሁ ያደርጋል። ብዙ ፕሮሰሰር የሚፈልግ ትልቅ ሥራ ፕሮሰሰሮቹ እስኪለቀቁለት ሲጠብቅ፣ አጭሩን ሥራ በክፍተቱ ያስገባል። ነገር ግን ይህ የሚሆነው እያንዳንዱ ባለሥራ የሚፈልገውን ጊዜ አስቀድሞ በታማኝነት ያስታወቀ እንደሆነ ነው። ጊዜውን አብዝቶ የጻፈ ሰው ክፍተቱ ያመልጠዋል፤ አሳንሶ የጻፈ ደግሞ ጊዜው ሲያልቅ ሥራው በመካከል ይቆረጥበታል። ስለዚህ ከሙሉው ሙከራ በፊት ጥቂቱን፣ ለምሳሌ አንዱን አቀማመር ብቻ፣ አስኪዶ ጊዜውን መለካት ያስፈልጋል። ይህ ትንሽ ሙከራ ስሕተትንም ቀድሞ ያጋልጣል።

ክላስተር ለሌለን ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ በሌሊት ሥራ የሚፈቱት የመለማመጃ ክፍል ኮምፒዩተሮች አሉ። አራት ኮምፒዩተሮች እያንዳንዳቸው አራት ፕሮሰሰር ቢኖራቸው 16 ይሆናሉ። 640 ሰዓት ለ16 ሲከፈል 40 ሰዓት ነው፤ በሌሊት 12 ሰዓት ቢሠራ በአራተኛው ሌሊት ያልቃል።

እዚህ ላይ ግን ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳሰበውን መርሳት አይገባም። ከሥራው ውስጥ ሊከፋፈል የማይችል ክፍል ካለ፣ ፕሮሰሰር ቢበዛም ያ ክፍል አያጥርም። ውጤቱን ሁሉ በአንድ ፋይል ላይ በየተራ መጻፍ ከጠቅላላው ጊዜ 5 በመቶ ቢወስድ፣ 32 ሰዓት ሳይከፋፈል ይቀራል። የተቀረው 608 ሰዓት ለ16 ሲከፈል 38 ይሆናል። ጠቅላላውም 40 መሆኑ ቀርቶ 70 ሰዓት፣ አራት ሌሊት መሆኑ ቀርቶ ስድስት ሌሊት ይሆናል ማለት ነው። መድኃኒቱም እያንዳንዱ ሥራ ውጤቱን በራሱ ፋይል ጽፎ በመጨረሻ መሰብሰብ ነው። ፋይሎቹም 600 እንጂ ሚሊዮን አይሁኑ።

አምስተኛ፤ ስለ መዝገብ

መዝገቡ የሙከራው ልብ ነው። በውስጡም ለእያንዳንዱ ሥራ የሁኔታው ዝርዝር፣ የሞዴሉ እትም፣ መነሻ ቁጥሩ፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ጊዜ፣ እንዲሁም አልተጀመረም፣ በመሠራት ላይ ነው፣ አልቋል፣ ወድቋል የሚል ምልክት ይጻፋል። መብራት ተመልሶ ሲመጣ ፕሮግራሙ መዝገቡን አይቶ ያላለቁትን ብቻ እንደ ገና ያስጀምራል።

በእኛ አገር ሁለት ልዩ ጥንቃቄዎች አሉ። የመጀመሪያው የስም ነገር ነው። ቢቸና በአማርኛ ብቸና እየተባለም ይጻፋል። ሞጣ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ በአንድ ቲ፣ ሌላው በሁለት ቲ ይጽፈዋል። ለሰው አንድ የሆነው ለኮምፒዩተር ሁለት አገር ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ ቁጥር ሰጥቶ በዚያ ብቻ መጥራት ይሻላል።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ገበሬው የዘር ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ይነግረናል፤ የዝናቡ ፋይል ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ሐምሌ 1 በዘመናችን ሁልጊዜ ጁላይ 8 ስለሆነ የዘሩ ቀን አያስቸግርም። መስከረም 1 ግን አንዳንድ ዓመት ሴፕቴምበር 11፣ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ይውላል። ከዚህም በላይ በሐምሌ 1973 ዓ.ም. የተዘራ ጤፍ የሚታጨደው በ1974 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአውሮፓውያን ግን ሁለቱም 1981 ነው። ዓመቱን ለመለወጥ 8 መደመር ብቻ ይበቃል ብሎ የተነሣ ሰው የአንዱን ዓመት መከር ከሌላው ዓመት ዝናብ ጋር ያጋባል። ስሌቱም ያለ አንዳች የስሕተት ምልክት ያልቃል፤ ክፋቱም ይኸው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን የወደቁትን ሥራዎች መጣል የለብንም። ከ11,520 ውስጥ ጥቂት መቶ ቢወድቁ ምን ይጎዳል የሚል ይኖራል። ነገር ግን ስሌት የሚወድቀው ብዙ ጊዜ እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም፤ ሞዴሉ የሚቸገረው አየሩ በከፋበት ዓመት ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ከባድ ድርቅ የነበረበት የ1976 ዓ.ም. ክረምት ከስሌቱ ወድቆ ቢቀር፣ የቀሩት ዓመቶች አማካይ ምርት ያማረ ይመስላል። ገበሬው የሚፈራው ግን አማካዩን ዓመት ሳይሆን ያንኑ ክፉ ዓመት ነው። ስለዚህ የወደቁት ተቆጥረው፣ ምክንያታቸው ተመርምሮ፣ ከውጤቱ ጋር አብረው መገለጽ አለባቸው።

መደምደሚያ

የተሠራው ስሌት ሚሊዮን ቢሆንም ከመሬት ላይ ልኬት ጋር ሳይመዛዘን እውነት አይባልም። በጮቄ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በአንጀኒ እ.ኤ.አ. በ1984 የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ፣ የዝናቡና የጎርፉ ልክ፣ የተሸረሸረውም አፈር ብዛት ሲመዘገብ ቆየ። መዝጋቢዎቹ በየቀኑ የጻፉት ቁጥር ከብዙ ዓመት በኋላ ለመጡ ተመራማሪዎች የሞዴሎቻቸው መመዘኛ ሆነ። በዝናብ መለኪያው አጠገብ የቆመው መዝጋቢና በኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠው ተማሪ ሥራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ሌላ ሰው ተመልሶ ሊያረጋግጠው የሚችል ጽሑፍ መተው አለባቸው።

ስለዚህ ሰፊ ሙከራ ለመጀመር የሚያስቡ ጓደኞቻችን ትእዛዙን ከመስጠታቸው በፊት በአንድ ገጽ ላይ አምስት ነገር እንዲጽፉ እንመክራለን። ጥያቄው ምንድን ነው? ስሌቱ ስንት ነው? አንዱ ሥራ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? በመካከል ቢቋረጥ ምን ይተርፋል? የወደቀውስ የት ይጻፋል? ይህን ገጽ የጻፈ ሰው መሣሪያው ትንሽ ቢሆንም ሙከራውን በሥርዓት ይፈጽማል። ያልጻፈ ግን ትልቅ መሣሪያ ቢሰጠው ስሕተቱን ያፋጥን እንደሆነ እንጂ አያርመውም። የቢቸናና የሞጣ ገበሬ ዘሩን በእጁ ይዞ ሰማዩን ሲመለከት ከእኛ የሚጠብቀው ምክር ቢኖር፣ ከየት እንደ መጣ ልናሳየው የምንችለውን ምክር ነው።